ሳትነግረኝ የቆፈርከው መሠረት

ይበልጤ፣

እግዚአብሔር ነፍስህን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልኝ። እኛ ደህና ነን፣ እሱ ይመስገን። ከተለየኸን እነሆ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አርባህም ሙት ዓመትህም እንደ አቅማችን ወጥቷል፤ ሰው መጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄዷል። በዚህ በኩል የሚቆጨኝ የለም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ እሱን ልነግርህ ነው ከመቅደስ ደብተር ጥቂት ገጽ ገንጥዬ የተቀመጥኩት።

አንተ እያልኩ ስጽፍልህ እንዳትቀየመኝ። በሰው ፊት ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አንቱ ስልህ ኖሬአለሁ። እናትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በተጋባን በሳምንቱ ጠርተው ባል እንዲህ ነው የሚጠራው ብለው አስጠንተውኛል። ሁለታችን ብቻ ስንሆን ግን አንተ ነበርክ። እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ማንም ቢያነበው ግድ የለኝም። አንቱ እያልኩ ልቆጣህ አልችልም፤ ዛሬ ደግሞ ትንሽ ልቆጣህ ነው የተነሣሁት።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ቀዩ በሬ ተሸጧል፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ። ጊደሯ በመስከረም ወልዳለች። እንደ እናቷ ተራጋጭ ናት፣ ከእኔ በቀር ሰው አታስጠጋም። የእህሉን መሬት ወንድምህ ስማቸው በእኩል ያርስልናል። ጋቢህን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ፤ አንዳንዴ ከኋላው ሳየው ልቤ ድንግጥ ይላል። መቅደስ ቡሬ ካምፓስ ሁለተኛ ዓመት ደርሳለች፤ የአዝርዕት ነገር ነው የምትማረው። መንገድ ሲዘጋ ትምህርቱ ይዘጋል፣ መንገድ ሲከፈት ይከፈታል፤ መቼ እንደምትጨርስ እግዜር ይወቅ። ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ መገንጠያው በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሯ ትመጣለች። ቁመቷ በልጦኛል። ስትስቅ አንተን ነው የምትመስለው፤ ስትቆጣ ግን እኔን ነው ይሉኛል።

የምጽፍልህ ስለ መሠረቱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከግሽ ዓባይ ጸበል በተመለስክ ሰሞን ነው። ዳግም ትንሣኤ አልፎ ነበር። አንድ ሳምንት ሰንብተህ ስትመጣ ከስተህ ነበር፣ ፊትህ ግን በርቷል። ስትበላ ዝም፣ ስትቀመጥ ዝም። እኔም የመንገዱ ድካም ነው ብዬ ተውኩህ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የከብት ገመድና አራት ችካል ይዘህ ነይ አልከኝ፤ ወንዝ ዳር ወረድን። ከበርበሬው መሬት መሀል አንዱን ችካል መትተህ የገመዱን ጫፍ አስያዝከኝ። ወዲህ ሳቢ፣ ወዲያ ላላ አድርጊ እያልክ አሥራ ሁለት እርምጃ በሰባት እርምጃ አስለካኸኝ። ያ መሬት እኮ ሌላ መሬት አይደለም፤ ቡሬ ገበያ ላይ ሰው ዛላውን አይቶ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅበት፣ ልብሳችንም የመቅደስ ደብተርም የሚወጣበት ነው። ምንድን ነው ብልህ፣ እግዚአብሔር ያሳየኝ ነገር አለ፣ ሳይፈጸም አይነገርም አልክ። የእኔ አፍ ደግሞ አያርፍም፤ ለመቃብር ሰፋ፣ ለአዳራሽ ጠበበ አልኩህ። ሳቅህ መጣ። ያን ጊዜ እየሳቅህ ትንሽ ብትናገር ምን ነበረበት።

ለምን እንዳልተናገርክ ግን አውቃለሁ፤ ስለማውቅም ነው ያልጨቀጨቅኩህ። ልጅ ሳለህ እግዚአብሔር ለክህነት ጠርቶኛል ብለህ ላገሩ ሁሉ ተናግረህ፣ ደበሎ ለብሰህ ትምህርት ወርደህ ነበር። አባትህ ሲሞቱ አራሽ ጠፋና በዓመት ከመንፈቅህ ተመለስክ። ከዚያ ወዲያ ማን ይማርህ። በሠርጋችን ቀን እንኳ ሚዜዎችህ ቄሱ ሚስት አገባ እያሉ ሲያሾፉብህ፣ እኔ በዓይነ ርግቤ ውስጥ ሆኜ ጆሮህ ሲቀላ አይቻለሁ። ገና ሰውነትህን ሳላውቅ ኀፍረትህን አወቅሁት። ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር እንዲህ አለኝ፣ እንዲህ አሳየኝ የሚል ሰው ስትሰማ ከንፈርህን ትነክስ ነበር። ያወሩት ነገር ውዳሴ ከንቱ ይሆናል፣ ሰይጣንም ይሰማና መንገድ ይዘጋል ትል ነበር። እውነትህን ነው፣ እኛም ቤት እንዲህ ነው ያደግነው። ግን ይበልጤ፣ ለሚስትም?

የሚያዝያን ግማሽና ግንቦትን ሙሉ ቆፈርክ። አፈሩን ለብቻ ቆልለህ ከወንዙ ድንጋይ እያወጣህ ትደረድር ነበር። አላፊ አግዳሚው ምን እየሠራህ ነው ሲልህ እግዜር ያውቃል ነበር መልስህ። ምሳ ይዤልህ ስመጣ ከሩቅ ድምፅህን እሰማለሁ፤ ብቻህን ሆነህ በእናትህ ቋንቋ፣ በአዊኛ፣ ታነበንባለህ። ጸሎትህን በአዊኛ፣ ጠብህን በአማርኛ ነበር የምታደርገው። ምናልባት ሁሉን ነገር ያን ጊዜ ተናግረኸው ይሆናል። እኔ አንዲቱን ቃል አልያዝኩም። ሃያ አንድ ዓመት አብሬህ ኖሬ ከቋንቋህ ከሰላምታ በላይ አለመማሬን አሁን ሳስበው ራሴን መምታት ያምረኛል።

ዝናብ ሲገባ እርሻው መጣ፣ መሠረቱ እስከ ጉልበት ተቆፍሮ፣ ግማሹ ድንጋይ ጠግቦ ቀረ። በርበሬው ይለቀምና እጨርሰዋለሁ አልክ። በርበሬው ሲለቀም ሆድህን ያዝክ። ጥር ላይ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሪፈር ጻፉልን።

ሆስፒታል የቆየነው ሦስት ቀን ነው። እዚያ ላይ ነው የእኔ ጥፋት። ሦስት ቀን ሙሉ አጠገብህ ተቀምጬ፣ እጅህን ይዤ፣ ያ ነገር ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ብጠይቅህ ትሞታለህ ማለቴ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ነገር የሚጠየቅ ሰው የሚናዘዝ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ይዤህ ልመለስ ነበር። ስለዚህ ስለ ጊደሯ አወራሁህ፣ ስለ ጓሮው ማንጎ አወራሁህ፣ መቅደስ ስለላከችው ሰላምታ አወራሁህ። በሁለተኛው ቀን ዓይንህን ገልጠህ ዝናብ ገባበት ወይ አልከኝ። ጥር ላይ ምን ዝናብ አለ? ትኩሳቱ ነው ብዬ፣ አይ፣ አልገባበትም፣ ተኛ አልኩህ። አሁን ሳስበው ያኔ በሩን ከፍተህልኝ ነበር። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል። አንተ ግን ፈቺውን ሁሉ ሰብስበህ ህልሙን ይዘህ ሄድክ። አርባህ ላይ ድንኳኑ ውስጥ የሚወራው ስለ መሠረቱ ብቻ ነበር። የሚካኤል ማኅበርተኞችህ ለአብነት ተማሪዎች ማደሪያ ሊሠራ ነው ብለው ቆረጡ። እሱ ያልጨረሰውን ትምህርት ሌላው እንዲጨርስለት ነው፣ ባለ ራእይ ሰው ነበር እያሉ አለቀሱልህ። ቄሱ እያሉ የሳቁብህ እነሱ መሆናቸውን ረስተውታል። ስማቸው ደግሞ፣ የለም እታለም፣ ወንድሜ ወፍጮ ሊተክል ነበር፣ ስፋቱም የወፍጮ ቤት ልክ ነው፣ የሰፈራችን ሴት እህል ተሸክማ ስትንከራተት እያየ ያዝን ነበር አለኝ። ሸሪክ እንኳ አግኝቶለታል። ወፍጮ ደግሞ እግዚአብሔር በራእይ ያሳያል ወይ ብለው፣ ለምን አያሳይም፣ እሱ ባይበላ እኛ እንደምንበላ ያውቃል አለ።

መቅደስ የባሰች ናት። ካምፓስ ውስጥ የተማሪዎች ጉባኤ አላቸው፤ አንድ መምህር መጥቶ እያንዳንዱ ክርስቲያን ከእግዚአብሔር የተሰጠው ራእይ አለው፣ የዛሬ አምስት ዓመት የት እንደምትደርሱ በጸሎት አስባችሁ ጽፋችሁ አምጡ ብሏቸው ነበር። የራሷን ስትጽፍ ያንተንም ጨምራ ጻፈችው። አባዬ ቪዥን ነበረው፣ የጎደለው ፕላን ብቻ ነው፣ ፕላኑን እኔ እሠራለሁ ትላለች። መሠረቱ ላይ የችግኝ ቤት ሥላበታለች፤ ጣሪያው ላስቲክ፣ ውሃው ከወንዙ የሚሳብ። ደስ የሚል ሥዕል ነው። ከዚያ ብዕሯን እንደያዘች ዞር ብላ፣ እማ የአንቺስ ራእይ ምንድን ነው አለችኝ። የእኔማ አንቺን ማብላት ነው ብዬ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ሁሉም ያውቃል፣ እኔ ብቻ አላውቅም። አንዳንዴ የኖኅን ሚስት አስባታለሁ። ስለ እሷ የሚያወራ የለም። ባሏ ምድረ በዳ ላይ እንጨት ሲያንኳኳ ስንት ዓመት ጎረቤት ሲስቅባት ኖራ ይሆን? ግን እሷ እንኳ መርከብ መሆኑን ታውቅ ነበር።

አምና መሠረቱን ሳልነካ ዙሪያውን ተከልኩ። ይበልጣል የጀመረውን እኔ አላፈርስም አልኩ። ክረምቱ ሲጠና ጉድጓዱ ውሃ ቋጠረ። ውሃው ወደ ጎን እየሰረገ የበርበሬውን ሥር አበሰበሰው፤ ዛላው ሳይቀላ ቅጠሉ እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ። የለቀምነው ለቤት እንኳ አልበቃም። ቀዩ በሬ የተሸጠው ያን ጊዜ ነው። ዘንድሮም እንደዚያው ከሆነ ወንዝ ዳሩን ለሰው ከማከራየት ሌላ መንገድ የለኝም፣ ከተከራየ ደግሞ ተመልሶ እንደማይመጣ አንተም ታውቃለህ። መቅደስም ትምህርቱን ትታ ቡሬ ፋብሪካ እገባለሁ ማለት ጀምራ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ሁለት ብቻ ሆነ፤ ወይ ሰኔ ሳይገባ አንድ ነገር መሥራት፣ ወይ መድፈን። ለመሥራት ምን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። የሚያውቅ ደግሞ በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል ብዬ አመንኩ፤ የንስሐ አባታችን መምሬ ጥበቡ።

ያን ሰሞን ዓርብ ዓርብ እሳቸው ዘንድ ትሄድ እንደነበር አልረሳሁም። ህልም ያየ ሰው ከንስሐ አባቱ ሌላ ለማን ይነግራል? እሳቸው አሁን ፍኖተ ሰላም አጠገብ ወዳለ ደብር ተዛውረዋል። ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በንስሐ የተነገረኝ ከእኔ ጋር መቃብር ይወርዳል፣ አትፈታተኚኝ ልጄ አሉኝ። ልክ ናቸው። እኔም የነገርኳቸውን ለማንም እንዲናገሩ አልፈልግም።

ባለፈው ወር ለሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ። መንገዱ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ነው፤ ሚኒባሱ ላይ ሰው በሰው ላይ ነበር። መምሬን ከቅዳሴ ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ጥግ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምኩና ቆሜ ቀረሁ። እንዲቀመጡ እንኳ ጊዜ አልሰጠኋቸውም። አባቴ፣ ሚስጥሩን ስጡኝ አልልዎትም፣ እቆፍራለሁ ወይስ እደፍናለሁ የሚለውን ብቻ ይንገሩኝ፣ ልጄ ከትምህርቷ ልትወጣ ነው፣ እኔም በእግዚአብሔር ቤት ላይ እየቆምኩ ይሁን በባዶ ጉድጓድ ላይ አላውቅም አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሰው ዞር ብሎ አየን።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ። ልጄ፣ የነገረኝን አልነግርሽም። ያልነገረኝን ግን አልነገረኝም ብል እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል። ስለዚያ መሠረት ይበልጣል አንድ ቀን አንስቶልኝ አያውቅም። ለሌሎች እግዜር ያውቃል ሲል ሰምቼ እኔም ለሚስቱ ነግሯት ይሆናል፣ አንድ ቀን ከእሷ እሰማለሁ እያልኩ እጠብቅ ነበር አሉኝ።

እኔ ከእሳቸው፣ እሳቸው ከእኔ። ዓመት ከአራት ወር ሁለታችን አንዳችን ያንዳችንን አፍ ስንጠብቅ ኖርን።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያለቀስኩት ልቅሶ የሐዘን አልነበረም፣ የንዴት ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ሴት የሞተብኝ ሰው ዛሬ የሞተ መስሏት እግዜር ያጽናሽ አለችኝ። እኔ በልቤ ካንተ ጋር እጣላለሁ። ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም ነበር? ብታውቅና ይዘኸው ሄደህ ከሆነ፣ ለእኛ የተሰጠ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ምናልባት ልኩን ብቻ አይተህ ይሆናል፤ አሥራ ሁለት በሰባት፣ ቆፍር፣ ሌላው ይመጣል ተብለህ። ወይም ደግሞ፣ ይህን ሳስብ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ፣ ምንም አላየህም ይሆናል። አርባ ሰባት ዓመትህ ነበር። እግዚአብሔር በልጅነትህ ጠርቶህ መልሶ የተወህ መስሎህ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲጠራህ ለምነህ፣ ዝም ቢልህ ዶማ አንሥተህ ይሆናል። ምን እንደሆነ ሲጠይቁህ እግዜር ያውቃል ያልከው እውነትህን ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ይህ የመጨረሻው ነው። እንዲያ ከሆነ ከእኔ የደበቅኸው ራእዩን አይደለም፣ አለማወቅህን ነው። አላውቅም እናንዬ፣ ብቻ ቆፍር ቆፍር ይለኛል ብትለኝ ኖሮ ገመዱን የምለቅብህ መስሎህ ነበር?

ቡሬ ስወርድ ወደ ቤት አልሄድኩም፣ በቀጥታ ወንዝ ዳር ወረድኩ። ገና ቀን ነው። መሠረቱ ውስጥ ሣር በቅሎበታል፣ አንዱ ጥግ ተንዷል። ጫፉ ላይ ተቀምጬ ጌታዬ ለእሱ ያሳየኸውን ለእኔም አሳየኝ አልኩ። ወፍጮ ቢሆን ወፍጮ፣ ማደሪያ ቢሆን ማደሪያ። ብዙ ተቀመጥኩ። የማየው ጉድጓድ ነው። ከዚያ የመቅደስ ጥያቄ መጣብኝ፤ የአንቺስ? አፈርኩ። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ለእኔ የምትፈልገው ምንድን ነው ብዬ እግዚአብሔርን ጠይቄው አላውቅም። በአባቴ ቤት የአባቴን፣ በአንተ ቤት ያንተን ስጠብቅ ኖርኩ። ያንተ ሲጠፋ ደግሞ ያንተን ፍለጋ ደብር ለደብር ዞርኩ።

ጠየቅሁት። ምንም አልሰማሁም፣ ልዋሽህ አልችልም። ፊቴ አልበራም። አንድ ነገር ብቻ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ፤ መደቡ ላይ ያለው የበርበሬ ችግኝ ደርሷል፣ ሁለት ሳምንት ካለፈው ይረዝምና አይተከልም። ይህ ራእይ ነው? እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ነገር ይናገራል? መምህሩ ለእነ መቅደስ የነገራቸው ራእይ አምስት ዓመት የሚያይ ነው፤ የእኔ ሁለት ሳምንት ብቻ ያያል። ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው። ግን ሌላው ሁሉ የሰው ሐሳብ ነው። ወፍጮውንም ብሠራ፣ ማደሪያውንም ብሠራ፣ ይበልጣል ያየው ይህን ነው ብዬ ለሰው መናገሬ አይቀርም። እሱ ደግሞ በእግዚአብሔር ስም መዋሸት ነው። ድህነቱን እችለዋለሁ፣ ይህን ግን አልችለውም።

ደፈንኩት፣ ይበልጤ።

ያለፈው ሳምንት በዓሉ ብዙ ነበር፤ ሥራ የሚፈቀደው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው። ማክሰኞ ጠዋት አካፋ ይዤ ብቻዬን ጀመርኩ። መቅደስ ነግሬያት ስለነበር ከቡሬ በጠዋት ደረሰች። አባዬን ልትቀብሪው ነው ሁለተኛ አለችኝ። ይህን ቃል እስክሞት አልረሳውም። ቆማ አለቀሰች፣ እኔም አላባበልኳትም፣ አካፋዬን አላቆምኩም። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ድንጋዩን እያወጣች ወደ ወንዙ ዳር ታግዝ ጀመር፤ ጎርፉ መሬቱን እንዳይበላው እዚያ ይደርደር አለች። የሥዕሉን ነገር አላነሣችም። ስማቸው ወሬውን ሰምቶ መጣና እርከኑ ላይ ተቀመጠ። የሸሪኩን ፊት እያሰበ ይሆናል። ሐሙስ ዕለት ግን በሬዎቹን ጠምዶ መጥቶ የደፈንነውን አረሰው። ማኅበርተኞችህ እስካሁን አልፈው ሲሄዱ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ይበልጣል የጀመረውን ራእይ ሚስቱ በርበሬ ተከለችበት ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ምን እላለሁ።

በልቤ አንድ ነገር አገኛለሁ ብዬ ነበር። ከድንጋዩ ሥር የተቀመጠ፣ የተጻፈ፣ የሆነ ምልክት። በየአካፋው እያየሁ ነበር። አፈርና ድንጋይ ብቻ ነው ያገኘሁት፣ ቤት ለመሥራት የተዘጋጀ ጥሩ ድንጋይ። እጅህ ጥሩ እጅ ነበር።

ታዝዤ ይሁን አምፄ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ቆሜ፣ ይቅር በለኝ ልበል ወይስ ተመስገን ልበል ብዬ ተቸገርኩና ሁለቱንም አልኩ። አንተ አሁን ከእሱ ዘንድ ነህ። ተሳስቼ ከሆነ ለምንልኝ። ልክ ከሆንኩም ንገርልኝና ልቤን ያሳርፈው። አንተም ሳታውቅ ቆፍረህ ከነበረ፣ አሁን አውቀኸው ይሆናልና ደስ ይበልህ፤ እኔ አልቀየምኩህም። ተቆጥቼ ጀምሬ ነበር፣ እዚህ ስደርስ ቁጣው አለቀብኝ።

መቅደስ ልጆቿ ስለ አያታቸው ሲጠይቋት ምን እንደምትላቸው ትናንት ጠየቀችኝ። ገና ባል ሳታገባ! የምታውቂውን ንገሪያቸው፣ የማታውቂውን አትጨምሪ አልኳት። እኔም ላንተ የምገባልህ ቃል ይኸው ነው። ሰው ራእዩን አትርሺ ይለኛል፤ እኔ ግን ያላየሁትን ላስታውስልህ አልችልም። አንተን ግን ሃያ አንድ ዓመት አይቼሃለሁ። እሱን አልረሳም።

ሚስትህ እናንዬ